«እንዳለ ነው የሸጥኩልህ»



ማክሰኞ ማታ ከሰመራ አንድ ወጣት ወንድማችን ጻፈልኝ። ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዩን ግን እንዳነሳው ፈቅዶልኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት ያገለገለ የጃፓን አምፕሊፋየር በ22 ሺህ ብር ገዛ። ሻጩ ቤት ሄዶ ሰምቶታል፤ ድምፁ ግሩም ነበር። ቤቱ ወስዶ ሲያዳምጥበት ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ የግራው ጎን ድምፅ ይጠፋል። አጥፍቶ ሲያቀዘቅዘው ይመለሳል። ሲሞቅ እንደገና ይጠፋል። በማግስቱ ለሻጩ ደወለ። ሻጩም «እንዳለ ነው የሸጥኩልህ፤ ሰምተህ አይደል እንዴ የወሰድከው?» አለውና ስልኩን ዘጋው።

አሁን ደግሞ ከአዋሽ አንድ ሰው ሊገዛው ይፈልጋል። ነገ ቅዳሜ ሰመራ ድረስ ይመጣል። የወንድማችን ጥያቄ ይህ ነው፦ «ኡስታዝ፣ እኔም እንደዚያው ‹እንዳለ ነው› ብዬ ብሸጠው ምን አለበት? አልዋሽም። ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ፤ ካልጠየቀኝ ዝም እላለሁ። እኔም ላይ የተደረገው ይኸው ነው።»

ጉዳዩ የአምፕሊፋየር ብቻ እንዳይመስልህ። ያገለገለ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ሞተር ወይም ባጃጅ ሸጠህ የምታውቅ ከሆነ አንተም እዚህ ቦታ ቆመህ ታውቃለህ። እህቴ፣ አንቺም ብትሆኚ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። «ኡስታዝ ስለ ሙዚቃ ዕቃ ይጽፋል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አምፕሊፋየር ድምፅ የሚያጎላ ዕቃ ነው። የመስጂዳችን አዛንም ሰፈሩን የሚያዳርሰው በእሱ ነው። አንዱ ቁርኣን ያዳምጥበታል፣ ሌላው መንዙማ፣ ሌላው ሌላ ነገር። ምን ይደመጥበታል የሚለው ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ ጁሙዓ ይቆየን። ዛሬ የምናየው ዕቃው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ የሚሆነውን ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም ይህ ፍቅር አለብኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ የሼኽ ሙሐመድ ሲዲቅ አል-ሚንሻዊን ቂርኣት በጥሩ አምፕሊፋየር ሰማሁ። በስልክ መቶ ጊዜ የሰማሁት ቂርኣት ነበር። በአንዱ አያና በሌላው መሐል ሼኹ ትንፋሽ ሲስቡ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ አሮጌ አምፕሊፋየር ባየሁበት እቆማለሁ። ስለዚህ የምናገረው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተሠሩት የፓዮኒር፣ የሳንሱይ፣ የኬንውድና የያማሃ አምፕሊፋየሮች እስከ ዛሬ የሚፈለጉት በምክንያት ነው። ትራንስፎርመራቸው ከባድ ነው፣ አሠራራቸው ጠንካራ ነው፣ ሲበላሹም ተከፍተው ይጠገናሉ። ነገር ግን አርባ ዓመት ያለፈው ዕቃ ያው አርባ ዓመት ያለፈው ዕቃ ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በዕድሜና በሙቀት ይደርቃሉ፤ ያኔ ከስፒከሩ ዝቅ ያለ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ይሰማል። የድምፅ መጨመሪያው ውስጥ አቧራ ሲገባ ይንኮሻኮሻል፤ ማጽጃ ከተነፋበት ግን ለጥቂት ቀን ዝም ይላል። የተሰነጠቀ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፣ ሲሞቅ ይለያያል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ደግሞ በ100 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው ዕቃውን በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል። በዚህ ላይ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሞቅበትን የሰመራን በጋና አቧራ ጨምርበት።

እነዚህን ጉድለቶች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ባለቤቱ አብሯቸው ስለኖረ ያውቃቸዋል። ገዢው ግን አምስት ደቂቃ ሰምቶ አያገኛቸውም።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አፋር ውስጥ ያደገ ሰው የግመል ገበያን ያውቃል። ግመሏን ለአንድ ሁለት ቀን ሳያልባት፣ ጡቷን አስሮ ያቆያትና ገበያ ያወጣታል። ግቷ ሞልቶ ተወጥሯል። ገዢው አይቶ «ይህቺስ የወተት ናት» ይላል። ቤቱ ወስዶ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን ሲያልባት እውነቱን ያያል።

ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የግመልንና የበግን ጡት አስሮ ለገበያ ማቅረብን ከልክለዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንዲህ ያለች እንስሳ የገዛ ሰው ካለባት በኋላ ምርጫው የእሱ ነው፤ ከወደደ ያስቀራታል፣ ካልወደደ ከአንድ ሷዕ ተምር ጋር ይመልሳታል። በሙስሊም ዘገባ ምርጫው ለሦስት ቀን እንደሆነ ተጠቅሷል።

እስቲ ያንን ሻጭ ልብ ብለህ ተመልከተው። አንድም ቃል አልዋሸም። ወተቱ የራሷ የግመሏ ነው፤ ከሌላ ቦታ አላመጣውም። «ብዙ ትታለባለች» አላለም። ዝም ብሎ አቁሟታል፣ ገዢው በገዛ ዓይኑ አይቶ ተሳሳተ። ሸሪዓ ግን «ዓይን አልነበረህም ወይ?» ብሎ ገዢውን አልወቀሰም። የሻጩን ዝምታ እንደ ንግግር ቆጠረው።

አሁን ወደ አምፕሊፋየሩ ተመለስ። ሲሞቅ እንደሚጠፋ እያወቅህ ከጠዋት ጀምሮ አቀዝቅዘህ ካቆየኸው፣ ገዢው ሲመጣ አብርተህ አሥር ደቂቃ ካሰማኸው፣ «ሻይ እንጠጣ» ብለህ ካጠፋኸው፣ ያ የታሰረ ጡት ነው። ከግመሏ የሚለየው በመብራት መሥራቱ ብቻ ነው።

«ግን እኔ አይደለሁም ያበላሸሁት» ትል ይሆናል። በመዲና ገበያ የእህል ክምር ይሸጥ የነበረው ሰውዬም እንደዚያው ነበር። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ ክምሩ ሲያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እውነቱን ነው፤ ዝናቡን ያዘነበው እሱ አይደለም። እሳቸውም ስለ ዝናቡ አልወቀሱትም። የወቀሱት እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነው፤ የሚያታልል ሰውም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ነገሩት። ሙስሊም የዘገቡት ነው። ጉድለቱ የማንም ጥፋት ላይሆን ይችላል። መደበቁ ግን የደበቀው ሰው ጥፋት ነው።

እሺ፣ «እንዳለ ነው» የሚለው ቃልስ? እሱም ጥንት የነበረ ውል ነው። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት፣ ሶሐባው ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በዚያ ዘመን እንደነበረው አንድ ባሪያ በ800 ዲርሃም ሸጡ። ሲሸጡም ከጉድለቱ ነፃ መሆናቸውን በውሉ አስገብተው ነበር። ገዢው በኋላ ያልተነገረው ሕመም አለበት ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ) ዘንድ ደረሰ። ዑስማን «ውሉ ላይ ነፃ ነኝ ብለዋል፤ አለቀ» አላሉም። ኢብኑ ዑመር ሲሸጡ ሕመሙን እንደማያውቁ እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብኑ ዑመር መማሉን ትተው መልሰው ተቀበሉት።

የዳኛው ጥያቄ የትኛው እንደነበር አስተዋልክ? «ምን ብለህ ሸጥክ?» የሚለው አይደለም። «ታውቅ ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ስለዚህ ውል ኡለማዎች ተለያይተዋል። ሐነፊዮች ሰፋ አድርገው ይቀበሉታል፤ እኛ አካባቢ የሚበዛው የሻፊዒይ መዝሀብ ያጠበዋል። ነገር ግን ያወቁትን ጉድለት ሆን ብሎ መደበቅ ሐላል ነው ያለ የለም። «እንዳለ ነው» የሚለው ቃል የማታውቀውን ሊሸፍንልህ ይችላል። የምታውቀውን አይሸፍንልህም። አንድን ዕቃ ስትሸጥ ስለ እሱ የምታውቀውም አብሮ የሚሸጥ የዕቃው አካል ነው። ዕቃውን ሰጥተህ እውቀቱን ካስቀረህ ዕቃውን ያስረከብከው አጉድለህ ነው።

ወንድሜ፣ ተበድለሃል። ይህን አላቃልለውም። ከማንም በፊት መሄድ ያለብህ ወደ ሸጠልህ ሰው ነው። ሳይነገርህ በቆየ ጉድለት ዕቃውን የመመለስ መብት በፊቅህ የታወቀ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ጉድለቱን ካወቅህ በኋላ ሳትዘገይና ሳትገለገልበት መጠየቅ አለብህ። በማግስቱ መደወልህ ጥሩ አደረግህ። አሁንም ሽማግሌ ይዘህ ሂድ። ስልክ የዘጋ ሰው በሽማግሌ ፊት ላይዘጋ ይችላል።

እምቢ ቢልህ ግን ያ በደል ለአዋሹ ሰው አይተላለፍም። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የከዳንን ሰው እንኳ መልሰን እንዳንከዳው አዘዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። እዚህ ደግሞ ልትከዳው ያሰብከው የከዳህን ሰው አይደለም። የአዋሹ ሰውዬ ምን አደረገህ?

የዚህን ዕቃ መንገድ እስቲ ተከተለው። አንዱ ለአንተ ዝም ብሎ ሸጠ። አንተ ለአዋሹ ሰው ዝም ብለህ ሸጥክ። እሱም እንደ አንተ «እኔንም አታለውኛል» ብሎ አዳማ ላለ ሰው ይሸጠዋል። ጉድለቱ እንደ ትኩስ ድንጋይ ከእጅ እጅ ይወረወራል። በመጨረሻ ማን እጅ ላይ ይቀራል? ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ፈትሾ ይተወዋል። የሚቀረው ከሁሉም ያነሰ በሚያውቀው እጅ ነው። ምናልባት የመጀመሪያ ደመወዙን አጠራቅሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አምፕሊፋየር የሚገዛ አንድ ልጅ። ያ ሰንሰለት የሚቆመው መሐል ላይ አንድ ሰው «ኪሳራው እኔ ጋ ይብቃ» ሲል ብቻ ነው።

ላጽናናህ ብዬ አልዋሽህም፤ ትከስራለህ። ጉድለቱን ከተናገርክ ገዢው ዋጋ ይቀንሳል፣ ወይም ጥሎህ ይሄዳል። ገዢና ሻጭ እውነት ተነጋግረው ጉድለቱን ከገለጹ በግብይታቸው በረካ እንደሚኖር፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። በረካ ማለት ግን የጎደለው ብር ነገ በሌላ ኪስ ይመለሳል ማለት ብቻ አይደለም። ላይመለስም ይችላል። በ14 ሺህ ሐላል ብር የተገዛ ምሳ በ22 ሺህ ብር ከተገዛው የተሻለ የሚሆንበት ምክንያት ብሩን በመቁጠር አይታወቅም።

እስካሁን ስለ ሻጭ ነው የተናገርኩት። ገዢውስ ነፃ ነው? አሁን ስለ ራሴ ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት፣ የመድረሳ ትምህርት ላይ እያለሁ፣ ወደ ቤተሰብ ስሄድ አዋሽ ሰባት አደርኩ። አዋሽ ከድሮው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ጋር ያደገች ከተማ ናት። በአንዳንድ ቤት አንድ ዘመን በባቡር የመጣ ዕቃ እስከ ዛሬ ተቀምጦ ታገኛለህ። ያደርኩበት ቤት ጎረቤት አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ዕቃ ይሸጡ ነበር። ወንበር፣ ሣጥን፣ የግድግዳ ሰዓት። ጥግ ላይ ዳንቴል የለበሰ አምፕሊፋየር አየሁ። ዳንቴሉን ገለጥ ሳደርግ ልቤ መታ። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይሄ ነገር ስንት ያወጣል?» አሉኝ።

እኔም «እናቴ፣ ይሄማ ጊዜው ያለፈበት ብረት ነው» አልኳቸው። 800 ብር ሰጠኋቸው። መረቁኝ። አዲስ አበባ ወስጄ 9 ሺህ ብር ሸጥኩት።

ለብዙ ጊዜ ራሴን በፊቅህ አጽናንቻለሁ። መትረፍ ሐላል ነው፤ ዑርወቱል ባሪቂይ (ረ.ዐ) ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) በግ እንዲገዙላቸው በሰጧቸው አንድ ዲናር ሁለት በግ ገዝተው፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠው፣ በጉንም ዲናሩንም ይዘው ሲመለሱ ዱዓ ተደረገላቸው እንጂ አልተወቀሱም። ቡኻሪ ዘግበውታል። እውቀትም የድካም ፍሬ ነው። ዕቃን ለይቶ ማወቅ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ እውቀት ማትረፍ ነውር አይደለም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የእኔ ጉዳይ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም።

ለምን? እኚያ እናት ጠይቀውኛል። ሻጭ ገዢን እንደሚጠይቅ ሳይሆን፣ እናት የተማረ ልጇን እንደምትጠይቅ ነው የጠየቁኝ። ምክር የተጠየቀ ሰው አማና እንደተቀበለ ይቆጠራል። እኔ የመለስኩላቸው እንደ መካሪ ነው፣ ትርፉን ኪሴ የከተትኩት ግን እንደ ነጋዴ ነው። አምፕሊፋየሩንም «ብረት ነው» ስል ብረት እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የገበያውን ዋጋ ሳያውቁ የሚመጡ ነጋዴዎችን ከከተማ ውጭ ወጥቶ መንገድ ላይ መግዛትን ከልክለዋል። ባለ ዕቃው ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ውሉን የማፍረስ ምርጫ ሰጥተውታል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ከገላፊ እስከ አዋሽ ባለው መንገድ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ሐዲስ ሩቅ አይደለም። እኔ ያደረግሁት ከዚህም ይብሳል። ሴትዮዋ ገበያውን ሲጠይቁኝ በሐሰት መለስኩላቸው።

ሶሐባው ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ለማንኛውም ሙስሊም ቅን ሊሆኑ ለረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ቃል የገቡ ሰው ናቸው። ጦበራኒይ እንደዘገቡት፣ አገልጋያቸው አንድ ፈረስ በ300 ዲርሃም ገዛላቸው። ባለቤቱን አስጠሩትና ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል አሉት። ዋጋውን ራሳቸው እየጨመሩ 800 አደረሱለት። ይህ ደረጃ ግዴታ አይደለም፤ ሁላችንም ጀሪርን አንሆንም። ነገር ግን በ300 የቀረበላቸውን በ800 በገዙት ሰውዬና 9 ሺህ የሚያወጣውን «ብረት ነው» ባልኩት በእኔ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ከዚያ ሜዳ ላይ በሐላል የምቆምበት ቦታ አላጣሁም ነበር። ዋጋውን እውነት ተናግሬ «እኔ ግን አቅሜ ይህን ያህል ነው» ማለት እችል ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደዚያ ቤት ሄድኩ። ሌላ ሰው ተከራይቶበታል። ጎረቤቶች ቤተሰቡ ድሬዳዋ ገብቷል አሉኝ። እስካሁን እያፈላለግሁ ነው። ልዩነቱን ብር ለይቼ አስቀምጫለሁ። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ እንደማይወርድ እንድታውቅ ነው። ለባለቤቱ ወይም ለወራሹ ትመልሳለህ፤ ፈልገህ ካጣኸው በእሱ ስም ሶደቃ ታደርጋለህ። ከመሸጥህ በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር፣ ከሸጥክ በኋላ ሰው ፍለጋ ከተማ ለከተማ ከመዞር ይቀላል።

እንግዲህ ነገ ሻጭ ብትሆን ይህን አድርግ፦

- ገዢው ሲመጣ ዕቃው ከግማሽ ሰዓት በላይ ሠርቶ ይቆይ። ሲሞቅ የሚሆነውን እሱም ይስማው።
- ተከፍቶ ተጠግኖ ከሆነ ተናገር። ምኑ እንደተቀየረ፣ ማን እንደጠገነው፣ ያልተነካው የትኛው እንደሆነ።
- በስንት ቮልት እንደሚሠራ ሳይጠይቅህ ንገረው። ይህ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ቤቱን ከእሳት ያድናል።
- የማታውቀውን «አላውቅም» በል። «ችግር የለበትም» ማለትና «እኔ ያየሁት ችግር የለም» ማለት አንድ አይደለም።
- ዋጋ እንዲወጣ ጓደኛህን ሐሰተኛ ገዢ አታድርገው። ሳይገዙ ዋጋ መስቀል በሐዲስ የተከለከለ ነው፤ በቴሌግራም መሆኑ ሐላል አያደርገውም።

ገዢ ከሆንክ ደግሞ ዕቃውን ለማርከስ ያልሆነውን ነው አትበል። ዋጋ ተከራከር፤ ክርክር ሱቅ ያለ ነገር ነው። ያልታመመውን ታሟል ማለት ግን ክርክር አይደለም።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆም ብለው፣ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ከየት እንደመጣ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሹ፣ ውሃው፣ የአገሩ ሰላም። ያየውን እንዳየው፣ የሰማውን ከማን እንደሰማው ይናገራል። ዳጉ ላይ መዋሸት ከባድ ነውር ነው፣ ያስጠይቃልም። ምክንያቱም «እዚያ ውሃ አለ» ብለህ በሐሰት የላክኸው ሰው ከብቱን ይዞ በዚያ ሙቀት ባዶ ጉድጓድ ላይ ይደርሳል። ስለ መንገዱ የምታውቀውን መንገደኛው የማወቅ መብት አለው።

ገዢህም መንገደኛ ነው። አንተ ከነበርክበት ዕቃ ጋር ሊኖር እየሄደ ነው። ቁጭ በልና ዳጉውን ንገረው።

ለሰመራው ወንድማችን ይህንኑ ጻፍኩለት። «ኡስታዝ፣ ከተናገርኩማ 14 ሺህም ቢሰጠኝ ነው» አለኝ። «አዎ፣ ልክ ነህ» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጻፈልኝም። ሰውየው ነገ ይመጣል።

በዚህች የጁሙዓ ቀን፣ በረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ስታበዙ፣ ከዐስር በኋላም ዱዓ ስታደርጉ አስታውሱት። ያ ረብ፣ ምላሱን አጽናለት። ሪዝቃችንን ሐላል አድርግልን፣ የሰው ሐቅ ተሸክመን አንተ ዘንድ ከመቅረብ ጠብቀን። እኔንም ያቺን እናት ሳላገኝ አትውሰደኝ።

አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።